እጅና እግር ሲደነዝዝ፣ ጉልበት ሲከዳ፦ ሥር የሰደደ የነርቭ ሽፋን በሽታን እንዴት እንለየው?

እግሩ የደነዘዘ ሰው ሁሉ ስኳር የለበትም። ጉልበቱ የከዳው ሁሉ ዲስኩ አልተንሸራተተም። ይህን የምለው ቫይታሚን ሲወጋ ከርሞ፣ አልሻል ሲለው ወገቡን ኤምአርአይ ተነስቶ፣ "እድሜ ነው" ተብሎ ተሸኝቶ፣ በመጨረሻ በምርኩዝ መሄድ ሲጀምር ወደ ነርቭ ሐኪም የሚላክ ሰው ስላለ ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ጥቂቶቹ ያለባቸው በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት የሚመለስ በሽታ ነው። ጊዜው ካለፈ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

በሽታው በሐኪሞች ዘንድ ሲአይዲፒ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ከህብለ ሰረሰር ወጥተው ወደ እጅና እግር የሚሄዱትን ነርቮች ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ ይላጣል፣ ነርቩም መልእክት ማድረስ ያቅተዋል። ብርቅ በሽታ ነው፤ ከ100,000 ሰው መካከል የሚይዘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ወንዶች ላይ ይበዛል፣ በመካከለኛ እድሜና ከዚያ በላይም ይበረታል፣ ግን ሕፃናትንም ይይዛል።

ብርቅ መሆኑ ሁለት ዓይነት ጥፋት ያመጣል። አንደኛው ጨርሶ አለማሰብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያለ ቦታው መለጠፍ ነው፣ ይሄኛው ብዙ አይወራለትም እንጂ ከመጀመሪያው አያንስም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒውሮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ ሲአይዲፒ አለባችሁ ተብለው ወደ ልዩ ማዕከል ከተላኩ ሰዎች ግማሽ የሚጠጉት መስፈርቱን አላሟሉም። ብዙዎቹ የሌለባቸውን በሽታ መድኃኒት ሲወስዱ ነበር። ስለዚህ ይህን መመሪያ ስታነቡ "ይሄ እኔ ነኝ" ለማለት አትቸኩሉ። "እኔ አይደለሁም" ለማለትም እንደዚያው።

የኔ እምነት አጭር ነው። ይህ በሽታ በመጀመሪያ የሚታወቀው በታሪኩ ነው፤ ቀጥሎ በሪፍሌክስ መዶሻ (ጅማት ሲመታ እግር ወይም እጅ በራሱ መፈናጠሩን የሚያሳየው)፤ ከዚያ በኋላ በማሽን። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው ስህተቱ የሚበዛው።

ሽፋኑ ሲላጥ ምን ይሆናል?

የነርቭ ክር ማይሊን በሚባል ስብ የበዛበት ሽፋን ይጠቀለላል። ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ውጪ ይህን ሽፋን የሚሠሩት ሽዋን የተባሉት ሴሎች ናቸው። ሽፋኑ ወጥ አይደለም፤ በየመሃሉ ራንቪየር የሚባሉ ትናንሽ ክፍተቶች አሉት፣ የኤሌክትሪክ መልእክቱም ከአንዱ ክፍተት ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል። በዚህ ዝላይ ምክንያት ጤነኛ የእጅ ነርቭ መልእክትን በሰከንድ 50 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያስኬዳል። ጨርሶ ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭን ነርቮች ግን በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ነው የሚያስኬዱት።

ሽፋኑ ሲጎዳ ሦስት ነገር ይከሰታል። መልእክቱ ይዘገያል። አንዳንዱ ክር ብዙ፣ አንዳንዱ ጥቂት ስለሚዘገይ መልእክቱ ይበታተናል። አንዳንዱ ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራል። የጉልበት ማነስን በዋናነት የሚያመጣው ይሄ የመጨረሻው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ያዙልኝ። በመጀመሪያው ጊዜ የሚጎዳው ሽፋኑ እንጂ ክሩ አይደለም። ክሩ በሕይወት ስላለ ጡንቻው ምግቡን አላጣም፤ ስለዚህ እግር ሊሰንፍ ይችላል፣ ግን አይከሳም። የደከመ ነገር ግን ያልከሳ ጡንቻ ለነርቭ ሐኪም ትልቅ ፍንጭ ነው። ሽፋን ተመልሶ ይሠራል። ጥቃቱ ለረጅም ጊዜ ሲቀጥል ግን ክሩም መሞት ይጀምራል፣ ጡንቻም ይሟሽሻል፤ ያን ጊዜ የጠፋውን መድኃኒት አይመልሰውም። መቸኮሉ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያውን አውጡ

በዚህ በሽታ ላይ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ጥያቄ "መቼ ጀመረ፣ እስከ መቼ እየባሰ ሄደ?" የሚለው ነው። በአንድ ወር ውስጥ፣ ማለትም በ4 ሳምንት፣ ጫፍ ደርሶ መባባሱን የሚያቆም ከሆነ ጊላን ባሬ የሚባለው ድንገተኛው የነርቭ በሽታ ነው የሚታሰበው። ከ8 ሳምንት በላይ እየባሰ ከሄደ ወይም እየተሻለ እየተመለሰ ከቀጠለ ሲአይዲፒ ይታሰባል። በ4 እና በ8 ሳምንት መካከል ያለው ጊዜ ግራጫ ነው፣ ሐኪሙም በትዕግስት መከታተል አለበት።

ችግሩ አንዳንዱ ሲአይዲፒ እንደ ጊላን ባሬ በፍጥነት መጀመሩ ነው። ሰውየው ይታከማል፣ ይሻለዋል፣ ቤቱ ይገባል። ከዚያ እንደገና ይደክማል። በጊላን ባሬ ታክሞ ከ8 ሳምንት በኋላ የባሰበት ወይም ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተመለሰበት ሰው ካለ፣ ምርመራው እንደ አዲስ መታየት አለበት። "ያው የድሮው ነው፣ ቀስ እያለ ይለቃል" ብሎ ቤት መቀመጥ ተገቢ አይደለም።

ታሪኩን ስትጽፉ "እግሬ ደነዘዘኝ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ሐኪሙን የሚረዳው ምን ማድረግ እንዳቃታችሁና ያቃታችሁ በየትኛው ወር እንደሆነ ነው። ከወንበር በእጅ ሳትደገፉ መነሳት መቼ አቃተ? ደረጃ መውጣት ነው ያስቸገረው ወይስ መውረድ? ጸጉር ለማበጠር ክንድ ይነሳል? ቁልፍ ማዞር፣ አዝራር መቆለፍ፣ ክዳን መክፈትስ? የጫማ ጫፍ ወለል ይጠርጋል? ፊት ስትታጠቡ ዓይን ሲዘጋ ያንገዳግዳል? በጨለማ መሄድ በብርሃን ከመሄድ ይከብዳል? ለእያንዳንዱ መልስ ግምታዊ ወር ካስቀመጣችሁለት፣ ያ አንድ ገጽ ወረቀት ከብዙ የደም ምርመራ ይበልጣል። ማጋነኔ አይደለም። ወሩ ጠፍቶባችሁ ከሆነ በዚያ ሰሞን የነበረ በዓል፣ ሠርግ ወይም ጉዞ አስታውሱ፤ "ያን ጊዜ ደረጃውን ያለ ድጋፍ ወጥቼ ነበር" ማለት በቂ መነሻ ነው። የቤተሰብ ሰውም ጠይቁ፤ አካሄድ መቀየሩን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገርም አለ። መተንፈስ ከከበደ፣ ጋደም ሲሉ የሚያፍን ከሆነ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ድካሙ በቀናት ውስጥ በፍጥነት ከተስፋፋ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ወይም በመቀመጫ አካባቢ ድንዛዜ ከመጣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። እነዚህ የሲአይዲፒ የተለመዱ ምልክቶች አይደሉም፤ ጊላን ባሬ ወይም የህብለ ሰረሰር መጨናነቅ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቅርጹን እዩት

የተለመደው ሲአይዲፒ ግራና ቀኙን እኩል ይይዛል። ከእግር ጣት ብቻ አይጀምርም፤ ጭንንም፣ ትከሻንም ያደክማል። ማለትም ሰውየው እግሩን መጎተት ብቻ ሳይሆን ከወንበር መነሳትም፣ ዕቃ ከመደርደሪያ ማውረድም ያቅተዋል። እጅና እግር ተቀራራቢ ጊዜ ላይ ሊጀምራቸው ይችላል።

ይህን ከስኳር ነርቭ ጋር አስተያዩት። የስኳሩ በጣት ጫፍ ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ ነው እጅ ጣት የሚደነዝዘው። ያቃጥላል፣ በተለይ ሌሊት። የጡንቻ ኃይል ግን ለረጅም ጊዜ ደህና ነው። በሲአይዲፒ ውስጥ ማቃጠል ዋናው ጉዳይ ሆኖ ብዙ አይገኝም። የሚጠፋው የንዝረትና የአቀማመጥ ስሜት ነው፤ እግሬ የት እንዳለ አላውቅም የሚል ሰው፣ ወለሉ ስፖንጅ የሆነበት ሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖ መቆም የሚያቅተው ሰው። እጅ መንቀጥቀጥም ይኖራል። ድካምም አለ፣ እንቅልፍ የማያስወግደው ዓይነት።

አሁን መዶሻው። የጉልበት፣ የቁርጭምጭሚት፣ የክርን ሪፍሌክስ በዚህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል ወይም በጣም ይቀንሳል። ጉልበት ባልደከመባቸው እጅና እግሮች ላይ እንኳ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ እግራችሁ ደክሞ ሄዳችሁ ሐኪሙ መዶሻ ሳያወጣ ወደ ኤምአርአይ ከላካችሁ፣ በትህትና "ሪፍሌክሴን ያዩልኛል?" ብላችሁ ጠይቁ። ቱኒንግ ፎርክ የሚባለውን የሚነዝር ሹካ አውራ ጣታችሁ ላይ እንዲያደርጉም ጠይቁ። ሁለቱም በጥቂት ደቂቃ ያልቃሉ። ሪፍሌክሱ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ጉልበት ደህና ሆኖ፣ የእግር ጣት ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ ሲአይዲፒ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።

ሪፍሌክሱ ጭራሽ ከጨመረ፣ እግር ከደረቀና ከተገተረ፣ አንድ ዓይን ደብዝዞ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር በኩል ነው። እዚያም ማይሊን አለ፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚያጠቃውም እሱን ነው፤ ግን የሚሠራው በሌላ ሴል ነው፣ በሽታውም፣ ምርመራውም፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ሰዎች ሁለቱን በሽታዎች ሲያደባልቁ ስለማይ ነው የማነሳው። ለአንዱ የታዘዘ መድኃኒት ሌላውን ሊያባብስ ይችላል።

የሚመሳሰሉትን ሳያዩ አትለፉ

እዚህ ክፍል ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ስህተቱ የሚወለደው እዚህ ነው።

አንድ እጅ ብቻ፣ ለምሳሌ የጣት መዘርጋት ወይም የእጅ አንጓ ማንሳት ደክሞ፣ ስሜት ግን ምንም ሳይነካ፣ በወራትና በዓመታት እየተስፋፋ የሚሄድ ከሆነ መልቲፎካል ሞተር ኒውሮፓቲ የሚባል አለ። ይህን በሽታ ኤኤልኤስ ከተባለው ገዳይ የነርቭ በሽታ ጋር ማምታታት ያጋጥማል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ይሄኛው በአይቪአይጂ (ከለጋሾች ደም ተዘጋጅቶ በደም ሥር በሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል) ይሻለዋል። ከታማሚዎቹ ግማሽ ገደማ ደማቸው ውስጥ ጂኤም1 በተባለ የነርቭ ስብ ላይ የሚነጣጠር ፀረ እንግዳ አካል ይገኛል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ግን ሊያባብሰው ይችላል፣ ስለዚህ "እስቲ ፕሬድኒሶሎን እንሞክር" ከመባሉ በፊት የበሽታው ስም መለየት አለበት።

እድሜው የገፋ፣ በተለይ ወንድ ሆኖ፣ እግሩ በዝግታ ሲደነዝዝ፣ ሲንገዳገድና እጁ ሲንቀጠቀጥ ዓመታት ያለፉት ሰው ደግሞ ማግ በተባለው የማይሊን ፕሮቲን ላይ የተነሳ ፀረ እንግዳ አካል ሊኖረው ይችላል። ደሙ ውስጥ አይጂኤም የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ያልተለመደ ዓይነት ይገኛል። ይሄ በሲአይዲፒ መድኃኒት ብዙም አይሻለውም።

ከልጅነት ጀምሮ የእግሩ ቅስት ከፍ ያለ፣ ጣቶቹ የታጠፉ፣ ጫማ የማይሆንለት፣ ስፖርት ላይ ሁሌ ኋላ የሚቀር፣ እናቱ ወይም አባቱም እንደዚያው የሆኑ ሰው ካለ የዘር በሽታ ይታሰብ። ሻርኮ ማሪ ቱዝ ይባላል። በብዛት የሚታየው ዓይነት በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለች ፒኤምፒ22 የተባለች ጂን ተደግማ ስትገኝ የሚመጣ ነው። የነርቭ ፍጥነቱ በጣም ይቀንሳል፣ ግን በሁሉም ነርቭ ላይ በተመሳሳይ መጠን፣ የእጅ ነርቭም ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ38 ሜትር በታች ነው። በሲአይዲፒ መዘግየቱ የተዘበራረቀ ነው፤ አንዱ ነርቭ ተጎድቶ ጎረቤቱ ደህና ሊሆን ይችላል። "በቤተሰብ ማንም የለም" ማለት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የወላጆቻችሁን እግር ራሳችሁ እዩት።

ሁለት ደግሞ አሉ፣ ካመለጡ ሰው የሚገድሉ። አንዱ ፖኤምስ ነው። ነርቩ ሲአይዲፒ ይመስላል፣ ግን እግር ያማል፣ ያብጣል፣ ቆዳ ይጠቁራል ወይም ይደድራል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ፕሌትሌት የሚባሉት ደም የሚያረጉ ሴሎች ይጨምራሉ፣ ቪኢጂኤፍ የሚባለው ምርመራም ከፍ ይላል። መነሻው የመቅኔ ሴሎች በሽታ ነው፣ ሕክምናውም በደም ሐኪም እጅ ነው። ሌላው አሚሎይድ ነው፣ የተበላሸ ፕሮቲን በነርቭና በሌላ አካል ውስጥ የሚከማችበት በሽታ፤ በተለይ በዘር የሚመጣው የትራንስታይሬቲን ዓይነት። ሰውየው ክብደት ይቀንሳል፣ ሲቆም ራሱን ያዞረዋል፣ ተቅማጥና ድርቀት ይፈራረቁበታል፣ ልቡ ይደክማል፣ ከዓመታት በፊትም በሁለቱም እጅ አንጓ የነርቭ መታፈን ተይዞ ሊሆን ይችላል። ሕመም የበዛበት፣ ክብደት የሚቀንስ ወይም ሲቆም ደም ግፊቱ የሚወርድ "ሲአይዲፒ" ካለ እጃችሁን አንሱና ጠይቁ።

መድኃኒትም ነርቭ ይጎዳል። አሚዮዳሮን የተባለው የልብ መድኃኒት፣ ለቁርጥማት የሚሰጡ ቲኤንኤፍ የተባለውን የብግነት ፕሮቲን የሚያግዱ መርፌዎች፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች እዚህ ይመደባሉ። ቫይታሚን ቢ6 ራሱ ከመጠን በላይ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የስሜት ነርቭን ያበላሻል። ለደነዘዘ እግር በራስ ፈቃድ ቫይታሚን መደራረብ ጉዳት የለውም የሚለው አመለካከት ስህተት ነው። የምትወስዱትን ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የገዛችሁትንም ጨምሮ፣ ከነመጠኑ ጻፉት። የሥጋ ደዌም ነርቭ አወፍሮ ያደነዝዛል፤ ስሜት አልባ የቆዳ ምልክት ካለ ለሐኪም ማሳየት ግድ ነው።

የሲአይዲፒ የራሱ ልጆችም አሉ። አንዳንዱ ስሜት ብቻ፣ አንዳንዱ ጉልበት ብቻ፣ አንዳንዱ የእጅና የእግር ጫፍ ብቻ፣ አንዳንዱ አንድ እጅና ሌላኛው እግር እንዲህ እየዘለለ ይይዛል። ስለዚህ ግራና ቀኙ እኩል ባለመሆኑ ብቻ አይጣልም።

የነርቭ ፍጥነት ምርመራ፦ ስትሄዱ፣ ስትቀበሉ

ዋናው ማረጋገጫ ይህ ነው። ቆዳ ላይ ኤሌክትሮድ ይለጠፋል፣ ነርቩ በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካል፣ መልእክቱ በምን ፍጥነትና በምን መጠን እንደደረሰ ማሽኑ ይመዘግባል። ይነዝራል፣ ምቾት የለውም፣ ግን ጉዳት አያደርስም። ብዙ ጊዜ ቀጥሎ በቀጭን መርፌ ጡንቻ ይመረመራል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዳችሁ ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ከተተከለላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የዚያን ቀን ቅባትና ሎሽን አትቀቡ፣ ኤሌክትሮዱ አይይዝም።

ሙቀት ትልቅ ጉዳይ ነው። የቀዘቀዘ እጅ ጤነኛ ነርቭን ቀርፋፋ ያስመስላል። እጅ መዳፍ ላይ 33 ዲግሪ፣ እግር ቁርጭምጭሚት ላይ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ መድረስ አለበት። እጃችሁ በረዶ ሆኖ ከደረሳችሁ "ይሙቅልኝ" በሉ። አፍራችሁ ዝም አትበሉ።

አንድ እግር ብቻ ተለክቶ ሲአይዲፒ አይባልም፣ ሲአይዲፒ አይደለምም አይባልም። የእጅም የእግርም፣ የጉልበትም የስሜትም ነርቮች መለካት አለባቸው፣ ኤፍ ዌቭ የተባለው ምርመራም መኖር አለበት፤ እሱ ነው እስከ ህብለ ሰረሰር ድረስ ያለውን መንገድ የሚያሳየው።

ውጤቱ ሲመጣ የሚታዩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታደሰው የአውሮፓ የነርቭ ሕክምና አካዳሚና የፔሪፈራል ነርቭ ማኅበር የጋራ መመሪያ ቁጥሮችን አስቀምጧል። ፍጥነቱ ከጤነኛው ዝቅተኛ ወሰን ቢያንስ 30 በመቶ የወረደ ነርቭ ሁለት ሲገኝ። ወይም ከአንጓ እስከ ጡንቻ ያለው የመድረሻ ጊዜ ከላይኛው ወሰን ቢያንስ 50 በመቶ የረዘመ በሁለት ነርቭ። ወይም ነርቩ በላይኛው ቦታ ሲነካ መልእክቱ ከታችኛው ቢያንስ 30 በመቶ ያነሰ ሆኖ ሲደርስ፣ ይህም በሁለት ነርቭ። የመበታተኑ ነገርም አለ፦ በአንድ ላይ የተነሱ ሯጮች እኩል ሲሮጡ መድረሻው ላይ አንድ ላይ ይገባሉ፣ አንዳንዶቹ ሲያነክሱ ግን እየተንጠባጠቡ ይገባሉ፤ የግራፉ ጉብታ ተዘርግቶና ተቆራርጦ የሚታየው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ እንድትሸመድዱት አይደለም። ሪፖርቱ "ዲማይሊኔቲንግ" (ሽፋን የተላጠበት) ካለ ከስሩ ቁጥር እንዲኖር፣ ቁጥሩም ከአንድ በላይ ነርቭ ላይ እንዲሆን ነው ማየት ያለባችሁ።

ወጥመዶቹም የታወቁ ናቸው። ጡንቻው ጨርሶ ከከሳ የቀሩት ጥቂት ክሮች ፍጥነት መጠነኛ መቀነስ ያሳያል፣ ይሄ ግን የክር መሞት እንጂ የሽፋን መላጥ አይደለም። ስኳር ራሱ ፍጥነትን በጥቂቱ ይቀንሳል። በአንጓ፣ በክርንና በጉልበት ጎን ነርቭ የሚታፈንባቸው ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ብቻ የተገኘ መዘግየት መላውን ሰውነት አይወክልም። ብዙ የስህተት ምርመራ የሚመጣው ከነዚህ ከሦስቱ ነው። በተቃራኒው ሲአይዲፒን የሚደግፍ ነገር አለ፤ የእጅ ጣት የስሜት ነርቭ ተበላሽቶ የባት ጎኑ ሹራል ነርቭ ደህና ሆኖ ሲገኝ። በስኳር ይሄ ይገለበጣል፣ ሹራል ነው ቀድሞ የሚሄደው።

ሌሎቹ ምርመራዎች

ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት ሁሌ አያስፈልግም። ታሪኩና የነርቭ ፍጥነቱ ግልጽ ከሆኑ መመሪያው ራሱ መቅዳቱ ሊቀር ይችላል ይላል። ጥርጣሬ ሲኖር ይቀዳል። የሚፈለገው ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ሴሎቹ ጥቂት መሆናቸው ነው። ፕሮቲን ግን በእድሜም፣ በስኳርም ከፍ ይላል፤ ትንሽ ከፍ ያለች ፕሮቲን ብቻ ይዞ በሽታውን መለጠፍ ትክክል አይደለም። ነጭ ሴል ከ10 በላይ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈለግ፣ ኢንፌክሽን ወይም ሊምፎማ።

ከደም ውስጥ ስኳርና የሦስት ወሩ የስኳር ልክ፣ ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ኩላሊትና ጉበት፣ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረሶች ይታያሉ። የማይረሳው ግን ያልተለመደ ፕሮቲንን የሚፈልገው የፕሮቲን ኤሌክትሮፎሬሲስ ከኢሚውኖፊክሴሽን ጋር ነው። ፖኤምስንም፣ የማግ ፀረ እንግዳ አካልንም፣ አንዱን የአሚሎይድ ዓይነትም የሚጠቁመው እሱ ነው። ዝርዝራችሁ ላይ ከሌለ ጠይቁ።

አልትራሳውንድ የክንድና የአንገት ነርቮች መወፈራቸውን ያሳያል፤ ሕመም የለውም፣ ቶሎ ያልቃል፣ በለመደ እጅ ከሆነም ጥሩ ይረዳል። ኤምአርአይ የነርቭ ሥሮችን ያሳያል። ነርቭ ቆርጦ መመርመር ዛሬ ብዙም አይደረግም፤ አሚሎይድ ወይም የደም ሥር ብግነት ሲጠረጠር ነው።

መድኃኒቱ ሲጀመር ምርመራው አላለቀም

የመጀመሪያ ሕክምናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ስቴሮይድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚውኖግሎቡሊን ማለትም አይቪአይጂ፣ እና ፕላዝማ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) መቀየር። የአይቪአይጂ መነሻ መጠን በኪሎ ክብደት 2 ግራም ነው፣ ከ2 እስከ 5 ቀን ተከፋፍሎ ይሰጣል። ለመድኃኒቱ መልስ መስጠት ምርመራውን ይደግፋል። ግን መልሱ የሚለካ መሆን አለበት።

"ቀለል ብሎኛል" መለኪያ አይደለም። ስቴሮይድ ማንንም ለጊዜው ሊያነቃቃ ይችላል፣ ተስፋም ጉልበት ይሰጣል፣ ብዙ ሰው በሽታው ሳይኖርበት ለዓመታት በአይቪአይጂ የቆየውም በዚህ መንገድ ነው። ከመጀመሩ በፊት የእጅ ጭብጥ ኃይል በመሣሪያ ይለካ። 10 ሜትር ለመሄድ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይመዝገብ። አይ ሮድስ የሚባል መጠይቅ አለ፣ የዕለት ሥራን ከቀላል እስከ ከባድ የሚጠይቅ፤ ይሞላ። ቤት ውስጥም ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ከወንበር ስትነሱ፣ ስትራመዱ፣ አዝራር ስትቆልፉ በስልክ ቅረጹ፣ ቀኑን ጻፉበት። በየወሩ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ቦታ ድገሙት። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ድካሙ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነም መዝግቡ፣ ሐኪሙ መጠኑንና የጊዜ ልዩነቱን የሚያስተካክለው በዚህ ነው።

በተገቢው መጠንና ጊዜ ታክሞ ምንም የሚለካ ለውጥ ካልታየ፣ መድኃኒት ከመደራረብ በፊት የበሽታው ስም ይጠየቅ። ፖኤምስ ታየ? አሚሎይድስ? የዘር ምርመራስ? ራንቪየር ክፍተት አካባቢ ያሉ ፕሮቲኖችን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትም አሉ፣ ኒውሮፋሲን 155 እና ኮንታክቲን 1 ላይ የሚነጣጠሩት ከዋናዎቹ ናቸው። እነዚህ ዛሬ ከሲአይዲፒ ተለይተው ራሳቸውን የቻሉ በሽታዎች ተደርገዋል። የሚጠረጠሩት በወጣት ሰው ላይ ከባድ መንቀጥቀጥና መንገዳገድ ሲኖር፣ በፍጥነት ሲብስ፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲወጣ ወይም አይቪአይጂ አልሠራ ሲል ነው። የደም ናሙና ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ ይላካል። ከተገኘ ሪቱክሲማብ የሚባለው መድኃኒት ብዙዎቹን ይረዳል፣ አይቪአይጂ ዓመት ሙሉ ሲወስድ ያልተነሳውን ሰው ጨምሮ።